ጸጥ ያለ ፋን እና የተጣመመ ዳንቴል

ማትዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለያየን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነን። በሕይወት ሳለህ አንድም ቀን ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ምን ያስጽፈኛል? ከስፌቴ ቀና ስል እዚያው ነበርክ። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለኝ። ለሌላ ሰው ብነግረው ወይ ይስቅብኛል ወይ ያዝንልኛል፣ ሁለቱንም አልፈልግም። ስለ ማሽንህ ፋን ነው። አትሳቅ።

ቤቱ እንደተውከው ነው ማለት ይቻላል። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ነው፤ ጭጋጉ ከዳሞታ ተራራ ሲወርድ እንደ ድሮው ክር በመርፌ ለማሳለፍ አሥር ጊዜ ዓይኔን አሻለሁ። ጥቁሩን ጫማህን ለታናሽ ወንድምህ ሰጠሁት። ጠበበኝ ብሎ መለሰው። እውነቱን ልንገርህ፣ መመለሱ ደስ አለኝ። በሩ ኋላ ደግሞ ያ ጉደኛ ማሽንህ አለ። አንተ ሰርቨር ትለው ነበር፣ እኔ ወፍጮ እለዋለሁ።

ያመጣህበትን ቀን አልረሳሁም። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የተወገደ ባዶ የኮምፒውተር ኬዝ በባጃጅ ጭነህ መጣህ። እኔ ሞኟ ፍሪጅ የገዛህልኝ መስሎኝ ከስፌቴ ተነስቼ ሮጥኩ! ወር ሙሉ ስትፈታ ስትገጥም ከርመህ የመማሪያ መጽሐፉን፣ የድሮ የማትሪክ ጥያቄውን፣ ያገኘኸውን ሁሉ ሞላህበት። ኢንተርኔት በማይደርስበት ሰፈር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ፍላሹን ይዞ እኛ በር ላይ ይቆም ጀመር። አንተ ከሄድክ በኋላም መምጣታቸውን አላቆሙም። አንዷ ከዲምቱ ድረስ መጥታ፣ መምህር ማቴዎስ የሉም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሉም አልኳት። ፍላሿን ተቀብዬ አንተ ባሳየኸኝ መንገድ ሞልቼ ሰጠኋት። ከሸኘኋት በኋላ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጩኸቱን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳው! ከተጋባን ጀምሮ በምንም ነገር እንደዚያ ተጨቃጭቀን አናውቅም። ትዝ ይልሃል፣ ቤቴ ውስጥ ቆርቆሮ ራቁቱን አይቆምም ብዬ ዳንቴል ሠራሁለት። በኪሮሽ ሦስት ወር የፈጀብኝ፣ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ ያለበት። አቧራ እንዳያሳልፍ ብዬ ደግሞ ከሥሩ ወፍራም ገበር ሰፋሁለት። ከአናቱ ጀምሮ ከፊትም ከኋላም እስከ ወገቡ ያለብሰዋል። ቴሌቪዥኑ ለብሶ፣ ሬዲዮው ለብሶ፣ ሶፋው ለብሶ እሱ ምን በወጣው? አንተ ዞረህ ኋላውን አየህና ቆንጆ ነው አልክ።

ድምፁ ግን ይብስ ጀመር እንጂ አልቀነሰም። ፋኖቹ አርጅተው ነው ትለኛለህ፤ ቆይ ጸጥ ያለ ፋን አስመጣለሁ ትለኛለህ። እኔም መቼ ነው የምታስመጣው እያልኩ በየቀኑ አደርቅሃለሁ። ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበር። ከገበያ ወይም ከሴቶች የአንድ ለአምስት ስብሰባ ስመለስ ዳንቴሉን ሁልጊዜ ተጣሞ አገኘዋለሁ፣ ጽጌረዳዋ መሐል መሆኗ ቀርቶ ጠርዝ ላይ ተንሻፋ። እነዚህ ተማሪዎች እጃቸው አያርፍም እያልኩ እየተራገምኩ አስተካክላለሁ። አንተ አቀርቅረህ ደብተር ታርማለህ።

አሁን ስለ እናትህ ልንገርህ። አርባህ ከወጣ በኋላ ከበዴሳ መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ጀመሩ። የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ልጅ አልሰጠንም፤ ብቻዬን ከግድግዳ ጋር ከማወራ ብዬ ነው። እማማ ብዙ አያወሩም፣ ሲያወሩም በወላይትኛ ነው፣ የእኔ ወላይትኛ ደግሞ እስከ ዛሬ አንተ እንደሳቅክበት ነው። ቢሆንም እንግባባለን። ጎደሬ ቀቅለን በዳጣ እንበላለን፣ እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ቀኑ እንዲያ ሲሆን ያልፋል።

መኝታቸው ሳሎን ነው፣ ከማሽኑ ሁለት ክንድ አይርቅም። አንድ ጠዋት ብነሳ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ደነገጥኩ። ምን አጠፋሁ እማማ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም አሉኝ። ይሄ ነገር ነው አሉ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ ኋላ እያመለከቱ። ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ የነበረው የኦክስጅን ማሽን ልክ እንዲህ ነበር የሚጮኸው አሉኝ። ልጄ በየቀኑ እንደ አዲስ ይታመምብኛል፣ አልቻልኩም። ወይ እሱ ይጥፋ፣ ወይ እኔ በዴሳ ልሂድ አሉ።

ማትዬ፣ እኔ እኮ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን እኔም ሌላ ነገር አልሰማ አልኩ።

ላጥፋው እንዳልል ዲስኩ አርጅቷል፣ አንዴ ከቀዘቀዘ ላይነሳ ይችላል ብለህ አስፈራርተኸኛል። መብራት ሲጠፋ ይይዘዋል ብለህ የመኪና ባትሪ የደቀንክበት ለዚህ አይደል? ካልተነሳ የለፋህበት ሁሉ አብሮህ ተቀበረ ማለት ነው። እማማ ይሂዱ እንዳልል ደግሞ ከማን ጋር ምሳ እበላለሁ? የሁለት ሰው ድስት ለአንድ ሰው ማጠብ ምን እንደሆነ አንተ አታውቀውም። ሦስት ቀን ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ፌስታሉን ሶፋው ሥር አስገቡት፣ ቋጠሮውን ግን አልፈቱትም።

በስፌት ሜትሬ የማሽኑን የኋላ ቀዳዳ ለክቼ ሀጂ ሙዘሚል ጋ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላቸው ስልጤው ሰውዬ፣ አንተ እዚያ ከገባህ ምሳ የምትረሳባቸው። ድምፅ የሌለው ፋን ስጡኝ አልኳቸው። እህቴ፣ ድምፅ የሌለው የሞተ ብቻ ነው አሉኝ። ወዲያው ክው ብለው አስተግፊሩላህ እያሉ አፋቸውን ያዙ። እኔ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ሦስት ዓይነት ዘረገፉልኝ። መቼም ታውቀኛለህ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሰማያዊ መብራት የሚያበራው ላይ ነው። ለጌጥ አልመጣሁም ብዬ ልቤን ገሠጽኩት። ኤሌክትሪክ ስጧቸውና ልስማቸው አልኩ። ሀጂ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሟቸው አያውቅም፣ ግን ሰኩልኝ። እኔ ሃያ ዓመት የስፌት መኪና ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዘይት የጠማውን፣ ኩሽኔታው የተበላውን በጆሮዬ ነው የምለየው። ትንሹ ፋን እንደ ትንኝ ጥዝ ይላል፤ ክንፉ ጠባብ ስለሆነ አየር ለማምጣት መሮጥ አለበት። መብራት ያለው ሲዞር መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ቡናማ፣ መልከ ጥፉ ነገር ነው፣ ግን ክንፉ ሰፊ፣ ረጋ ብሎ የሚዞር፤ ጆሮዬ ላይ ለጥፌው እንኳ የሰማሁት ነፋሱን ብቻ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ጎማ አለው፣ ንዝረቱ ወደ ቆርቆሮው እንዳያልፍ። ሙቀት ሲበዛ ራሱ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ያርፋል አሉኝ። ይሄንን ሁለት ስጡኝ አልኩ። ሀጂ አገላብጠው አዩትና፣ መምህርም ይሄንኑ ነበር የመረጡት አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልወድ ቶሎ ወጣሁ።

መግጠሙ አልከበደኝም፣ ማጥፋቱ ነው የከበደኝ። እማማን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በስምህ ለምኜ፣ አጠፋሁት። ቤቱ ጭው አለ። ዳንቴሉን አውልቄ፣ በካቻቪቴህ ብሎኖቹን ፈትቼ፣ የድሮዎቹን ፋኖች አውጥቼ፣ አዲሶቹን ጎማቸውን አስተካክዬ አሰርኩ። ሽቦውን ሰካሁ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ምንም የለም። ከዚያ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ተነሳ። እልል ልል ቃጣኝ፣ የሐዘን ቤት ነው ብዬ ተውኩት። እማማ ጠፋ ወይ አሉኝ። የለም፣ እየሠራ ነው አልኳቸው። ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ አስጠግተው ብዙ አዳመጡ። ተኝቷል አሉ። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

እኔ ደግሞ ደስ ሲለኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ዳንቴሉን አጠብኩት፣ አሚዶ ነክሬ አደረቅሁት፣ በማግስቱ ጠዋት ጽጌረዳዋን መሐል አድርጌ አለበስኩት። ምሳ ሳይደርስ ያ ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ያው የሆስፒታሉ። እማማ ከሶፋው ሥር ፌስታላቸውን ሳቡ።

በደም ፍላት ሀጂ ሱቅ ደረስኩ። ለመበለት የተበላሸ ዕቃ ይሸጣል ወይ ብዬ ገበያተኛው ፊት ጮህኩባቸው። ጠባዬን ታውቀው የለም? ሰውዬው አልተቆጡም፣ ሱቁን ዘግተው ተከትለውኝ መጡ። ማሽኑ ፊት ቆመው ዳንቴሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ዳንቴሉን አዩት። በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ጎን አጠፉት፣ ጽጌረዳዋ ጠርዝ ላይ ወደቀች። ቆመን ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ጠፋ።

ሀጂ መሬት መሬት እያዩ ነበር የነገሩኝ። ወላሂ፣ መምህር ሁለት ዓመት ሙሉ ፋን ፈልጉልኝ ሲሉኝ ነበር አሉ። ጸጥ ያለ ይሁን፣ ግን በወፍራም ጨርቅ ውስጥ አየር የሚስብ ጉልበት ይኑረው ይሉኛል። እኔም እንዲህ ያለ ፋን አልተሠራም፣ ያ የመረጡትም በጨርቅ ታፍኖ ይጮኻል፣ ጨርቁን አንሱት አልኳቸው። መምህርም ጨርቁ አይነሳም፣ ባለቤቴ ሦስት ወር የደከመችበት ነው አሉኝ። ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ ብላቸው፣ ስትወጣ እገልጠዋለሁ፣ ኮቴዋን ስሰማ እመልሰዋለሁ አሉኝ።

እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ ሰው! ያ ሁሉ መጣመም የተማሪ እጅ አልነበረም። ኮቴዬን ሰምተህ፣ ቸኩለህ የመለስከው ነው። እኔ የሰው ልጅ ስራገም አንተ ደብተሩ ላይ አቀርቅረህ ሳቅህን ነው የያዝከው። ዝም አይነቅዝም ማለት ትወድ ነበር። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሁለት ቀን አኮርፍ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ገበሩን ተርትሬ እጥለው ነበር፣ አለቀ። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ አብረን መቀመጥ እንችል ነበር። ልቤ እንዳይሰበር ብለህ ጩኸቱንም ጭቅጭቄንም ተሸከምክ። በዚህ ተቆጥቼሃለሁ። ደግሞም ማንም ሰው ከዚህ በላይ እንዳልወደደኝ አውቃለሁ።

እማማ ፌስታላቸውን ፈቱ፣ ልብሳቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ በአንተ ጎን ሰቀሉት። ማሽኑ ይሠራል፣ ተማሪዎቹ ይመጣሉ። በየቀኑ ስጨቀጭቅህ የነበረው ጸጥታ ይኸው መጣ። ከባድ ነው፣ ማትዬ። ድሮ በዚያ ጩኸት ላይ እየጮህን ነበር የምናወራው፤ አሁን ማንም ሳይጮህ ይሰማል፣ የሚያወራኝ ግን የለም።

ትናንት ገበያ ሄጄ ነበር። ስወጣ ዳንቴሉን አስተካክዬ፣ ጽጌረዳዋን ሆን ብዬ መሐል አድርጌ ነው የወጣሁት። ለምን እንዳደረግሁት አትጠይቀኝ። ስመለስ በር ላይ ኮቴዬን አጠንክሬ ረገጥኩ። ገባሁ። ማሽኑ ያንን ጩኸቱን እየጮኸ ነው፣ እማማ ጓሮ ናቸው፣ ጽጌረዳዋም እንደተውኳት መሐል ላይ ናት። ማንም አልነካትም። ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ ራሴ ገለጥኩት፣ አንተ ቸኩለህ እንደምታደርገው አጣምሜ ተውኩት። ከእንግዲህ እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት ይህ ዳንቴል ቀጥ ብሎ አይነጠፍም። እንግዳ መጥቶ ላስተካክል ቢል እጁን እመታዋለሁ፣ ያጣመመው ባሌ ነው እለዋለሁ።

ሚስትህ አስቴር