ኮሽም ያቀረቀረበት ወር

ኅዳር ፱ ቀን

ጠዋት። ደጅ ቆዳ ዘርግቼ ገብስ አሰጣለሁ። ውሻው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰዎች መጡ። የንስሐ አባታችን አባ ይሁኔ ከፊት፣ ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ከመካከል፣ ደምሌ ከኋላ። ደምሌና ልጄ አበጀ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ አብረው ነበር የወረዱት። ስለዚህ ከደምሌ ኋላ ሌላ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

አባ ቁጭ በይ አሉኝ። ገብሱን ልጨርስ አልኳቸው። ሰፌዱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቄስ የሴት ሰፌድ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ያኔ ገባኝ።

አበጀ ሞቷል። ንዳድ ነው አሉ። በጥቅምት ማርያም ሰሞን። እዚያው ተቀብሯል።

ሌላ የምጽፈው የለም።

ኅዳር ፲፩

ልቅሶው ትናንት ዋለ። አስከሬን የለ፣ ፈረስ የለ፣ ጠመንጃ የለ። ልብሱን አወጡ። አንድ እጀ ጠባብ፣ አንድ ያረጀ ጋቢ፣ በዱላ ላይ። ዱላውን የያዘው ሰው ሲዞር ውሻው ከሥር ከሥሩ ተከተለ። አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ጀርባውን አጉብጦ። አልቃሿ አየችው። ለእኔ የጀመረችውን ግጥም ወደ እሱ አዞረችው። ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ።

እኔ አላለቀስኩም። አልመጣልኝም። ጠጉሬን ተላጭቻለሁ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄያለሁ፣ ዓይኔ ግን ደረቅ ነው። ሴቶቹ አይተውኝ ዞር ይላሉ።

ደብተሬ ሆይ፣ አባቴ ደብተራ ነበሩና ፊደልና ዳዊት አስተምረውኛል። እጄ ግን ቀርፋፋ ነው። ለሰው የማልናገረውን ቀስ እያልኩ ላንተ።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ስለ ውሻው። ስሙ ኮሽም ነው። አበጀ በግንቦት ከኮሽም ቁጥቋጦ ሥር አግኝቶ ያመጣው። በጭብጥ የሚገባ ነበር። አሁንም ትንሽ ነው፣ ከድመት ብዙ አይበልጥም። በእኛ አገር ውሻ ይጠብቃል፣ ፍርፋሪ ይበላል፣ ይባረራል እንጂ የሚዳስሰው የለም። ውሻ የነካ ሰው ሳይታጠብ አይጸልይም። አበጀ ግን ደረቱ ላይ ያስተኛው ነበር። አባቱ፣ ሚስት ብታገባ አይሻልህም፣ ይሉት ነበር።

ቁመናው የተለወጠው ከመስከረም ወዲህ ነው መሰለኝ። እንደ ውሻ ተጋድሞ አይተኛም። የፊት እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። ጎኑ ከስቶ አጥንቱ ይቆጠራል። ፊቱ ግን ሞልቷል፣ ወፍሯል ማለት ይቻላል። ከአንገት በላይ ሌላ ውሻ፣ ከአንገት በታች ሌላ ውሻ። ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ጎረቤቴ ጥሩነሽ፣ ጌታው መታመሙን ያኔውኑ ዐውቆት ነው አለች። ሰው ተቀበለው። እኔም ተቀበልኩ።

ኅዳር ፲፬

ደምሌ መጣ። ዛሬ ብቻውን። ሁሉን ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። ትኩሳቱ እንዴት እንደ ጀመረው። ውሃ ውሃ እንዳለ። እኔን ጠርቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አዎ አለ፤ ግን ቶሎ ነው ያለው። ሊያጽናናኝ ይሆናል።

ከዚያ ሌላ ነገር አመጣ። ሬሳው ሲታጠብ አንገቱ ላይ ማተብ አልነበረም። ከሠራተኛው መካከል አንድ ቄስ ነበረ፤ ክርስቲያን መሆኑን በምን ልወቅ አለ። ደምሌ ማለ፣ መሰከረ። ቄሱ የክርስትና ስሙ ማን ነው አለ። ደምሌ አያውቀውም። ከእኛና ከአባ በቀር ማን ያውቀዋል። ልጄ ፍትሐት ሳይደርሰው አፈር ገባ።

ለመንገዱ ብዬ አዲስ ማተብ የፈተልኩለት እኔ ነኝ። ጥቁር ክር፣ ከመካከሉ አንድ ሰማያዊ የተገመደበት። ሐምሌ ሲገባ፣ ሊሄዱ ሲሉ፣ በእጄ አሰርኩለት። መቼ ፈታው አልኩት ደምሌን።

"እኔ እንጃ እትዬ። ሁመራ ስንደርስ አንገቱ ባዶ ነበር። ማተብህስ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።"

ሳቀ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ።

ኅዳር ፲፰

ጾም ገብቷል። አባ ይሁኔ ዘንድ ሄድኩ። ፍትሐቱና ተዝካሩ ለታኅሣሥ ልደታ ታስቦ ነበር። ደምሌ ለእሳቸውም ነግሯቸዋል። ማተቡን በገዛ እጁ ፈትቶ እንደ ሆነ፣ ሃይማኖቱን ትቶ እንደ ሆነ፣ ስሙን በቤ/ክ እንዴት ልጥራ አሉ። ቆላ ወርዶ የተለወጠ ስንት አለ አሉ። አልከለከልኩሽም፣ ካህናቱን ላማክር አሉ።

እግ/ር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ስለ ምኑ እንደ ሆነ አላውቅም።

የአበጀ አባት አውድማ ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው። በሬዎቹን መንዳት አላቆሙም። ዞረው ዞረው ከእኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ ታዲያ ሳይጸለይለት ሊቀር ነው፣ አሉ። መልስ አልጠበቁም። እንደገና ዞሩ።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን ማርያም

ቤ/ክ ሄድኩ። ከቅጽሩ ውጭ ቆምኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል።

"ማተቡን በጥሶ ነው አሉ የሞተ።"

"ታዲያ እናቱስ ለምን አላለቀሰች ይመስልሻል? ብታውቅ ነው።"

"ውሻው ይሻላል። እሱ ከሐዘን ሊሞት ነው።"

ዞሬ አላየሁም። ማተቡ የት ሄደ? እኔም አላውቅ።

ሰው ኮሽምን ሊያይ ይመጣል። እዝኑን ለእኔ ይሰጡና እሱን ያያሉ። ከንፈር ይመጥጣሉ። ከወገዳ የመጣ ነጋዴ እንኳ በቅሎውን አስሮ ገባ፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። ልንገርህ ደብተሬ፣ ደስ ይለኛል። ደስታ አይደለም፤ ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። እኔ ያቃተኝን አንድ የሚያዝን አለ እላለሁ። ሲከሳ ዝም ብዬ አያለሁ።

ኅዳር ፳፬

ኮሽም ምግብ ትቷል። ጭብጦ በውሃ አርሼ ሰጠሁት። ያሸትታል። አንዴ ይጎርሳል። አንገቱን ዘርግቶ ለመዋጥ ይታገላል፣ ይስላል፣ ትቶት ይሄዳል። አረማመዱም ከፍቷል፣ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ይሸታል። ጥሩነሽ ዛሬ ከበር አላለፈችም።

"እቴ፣ ይኼ እብደት ነው። ለሃጩን አታይም?"

ሐዘን ነው ያልሽ አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት።

"አልኩ። ሐዘንተኛ ግን አይነክስም። ደግሞ ሐዘን እንዲህ አያከሳም፣ እኔ ባሌ ሲሞት ወፈርኩ።"

ሳቀች። ወዲያው አፏን ያዘች። እኔ አልከፋኝም። የሚከፋው ቦታዬ የት እንደ ሆነ አላገኘሁትም።

አመሻሽ ላይ የአበጀ አባት መጡ። የጭቃ ሹሙ ሰው አውድማ ድረስ መጥቶ፣ ውሻውን አስወግዱ፣ ልጆች ሳይነክስ፣ ብሏቸዋል። ከነገ ወዲያ ገደል እወስደዋለሁ አሉ። እሺ አልኩ። ሰሞኑን እሺ ማለት ቀሎኛል።

ኅዳር ፳፮፣ ቀትር

እንዲህ ሆነ። በተርታ ልጻፈው።

ጠዋት የአበጀ አባት ጠፍር ሰጡኝ። አንቺን አይሸሽም፣ እሰሪውና አምጪልኝ አሉ። ሄድኩ። አጥሩን ተደግፎ ነበር። አልሸሸም። ጠፍሩን ላጠልቅለት የአንገቱን ጠጉር ገለጥኩ። እንዲህ ስነካው የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ረጠበ። መግል ነው። ከሥሩ ጉድጓድ፣ አንገቱን የዞረ። በጣቴ ተከተልኩት። ከጉድጓዱ ውስጥ ክር አለ። ሥጋው በላዩ በቅሎበታል።

ጠራኋቸው። መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ። "ውሻው አደገ፣ ክሩ አላደገም" አሉ።

በቡችላነቱ ታስሮበት ነው። በአምስት ወር አንቆታል። እንዲያ አንገቱን የዘረጋው ለመተንፈስ ነው። ተቀምጦ ያደረው ሲጋደም ስለሚታነቅ ነው። ፊቱ የሞላው፣ ሰውነቱ የከሳው፣ ሁሉም።

ምላጭ አመጣሁ። ክሩን በመርፌ ሳብ አድርጌ ደሙን በውሃ ሳጥበው አየሁት። ጥቁር። ከመካከሉ አንድ ሰማያዊ።

እጄ ቆመ። ማተብ ይታሰራል እንጂ አይቆረጥም፤ ከልጅነቴ የማውቀው ይህን ነው። ደግሞ አበጀ ያሰረው ነው። እጁ የነካው የመጨረሻ ነገር ነው በዚህ ቤት። የአበጀ አባት ውሻውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አቅቶሽ እንደ ሆነ እኔ ልቁረጠው አሉ። አይ፣ የፈተልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ቆረጥኩት። ኮሽም አንዴ ጮኸ። ከዚያ ቆመ፣ ሰውነቱን አራገፈ፣ ሄዶ ውሃ ጠጣ። ብዙ ጠጣ።

ከቀትር በኋላ

ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩ፣ ግራዋ ወቅጬ አደረግሁበት።

እንግዲህ ሐዘን አልነበረም። ክር ነበር። ዓይኔ እያየ ሲታነቅ፣ እኔ ስለ እኔ የሚያዝን አደረግሁት። ለመጣ ሰው ሁሉ አሳየሁት። አልቃሿም፣ ነጋዴውም፣ ጥሩነሽም፣ ሁላችን አየነው። እጁን የዘረጋ የለም።

ደምሌን አስጠራሁት። ክሩን አሳየሁት። ተቀመጠ። የሚያውቀውን ተናገረ። ሲሄዱ ቡችላው ከሸንተረሩ ላይ ተከተላቸው። ቢመልሱት እምቢ አለ። ደምሌ ቀደመ፤ አበጀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቡችላውን ሲያናግረው ትቶት ሄደ። አበጀ ዘግይቶ ደረሰበት። ደምሌ፣ ምን ስትለው ነበር ብሎ ጠየቀው።

"ሹሜዋለሁ፣ እናቴን ይጠብቃል፣ አለኝ እትዬ። ቀልዱን መሰለኝ። በምን እንደ ሾመው አልጠየቅሁትም።"

ኅዳር ፳፯፣ መድኃኔዓለም

ከደምሌ ጋር አባ ይሁኔ ዘንድ። ክሩን በቅጠል ጠቅልዬ ከፊታቸው አኖርኩ። ዳዊታቸውን ዘጉ።

"ምንድን ነው?"

"የአበጀ ማተብ ነው አባ።"

"የት ተገኘ?"

"ከውሻው አንገት።"

ተቆጡ። "ማተብ ለውሻ? ክርስትና ማስነሣት ነበር የቀረው።" ደምሌ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል መሬት መሬት አየ። ቀና በል፣ ተናገር አሉት። ከሸንተረሩ ላይ የሆነውን ነገራቸው። የእሱ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ አሉኝ። ሰማያዊውን አሳየኋቸው። ሐምሌ ሲገባ እርስዎ የባረኩት ነው አልኩ። ክሩን በቅጠሉ ይዘው ወደ ብርሃኑ ወጡ። ደጅ ላይ ቆመው ብዙ አዩት።

"የሚክድ ሰው ጫካ ይጥለዋል እንጂ እናቴን ጠብቅልኝ ብሎ አያስርም" አሉ ሲመለሱ። "ልጁ ሞኝ ነው። ከሃዲ አይደለም። ለሞኝ ለመጸለይ ማንንም አላማክርም። የባልሽም አባት ሞኝ ነበር፤ ፍትሐቱን ያደረስኩለት እኔ ነኝ።"

ጥፋት ግን ጥፋት ነው አሉ። ስለ እሱ አንቺ ትሰግጃለሽ። እሺ አልኩ። ይህን እሺ ግን ዐውቄ ነው ያልኩት። ክሩን እሳቸው አስቀሩት። ስወጣ ከኋላዬ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ አሉኝ።

ታኅሣሥ ፩፣ ልደታ

ፍትሐቱ ተደረሰ። አባ ስሙን ጠሩ። በሙሉ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከቅጽሩ ውስጥ ነበርኩ። እነዚያ ሁለቱ ሴቶችም ነበሩ። አንዷ መጥታ እጄን ያዘች።

ተዝካሩ የጾም ነው፣ ሽሮና ንፍሮ፣ ጠላ። ሰው በላ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ኮሽምን ሊያይ የመጣ የለም። ጥሩነሽ ብቻ አየችውና፣ ይኼማ ተራ ውሻ ሆነ፣ አለች።

ጭብጦውን ይጨርሳል። ቁስሉ እየደረቀ ነው። ትናንት ተጋድሞ ተኛ። ሲቆም ግን አሁንም ያቀረቅራል። የአበጀ አባት ይለቀዋል ይላሉ። እኔ አላውቅም። ገደል መውሰዱ ቀርቷል።

ነገ ከሐዘን ፍራሹ ተነሥቼ ውቂያ እወጣለሁ። ብዙ ገብስ ቀርቷል። ማታም አልጽፍ ይሆናል። ስለዚህ አሁን ከደብተሬ ዞር ብዬ፣ ይህ ጽሑፍ እጁ ለሚገባ ሰው፣ ካለ፣ ልጻፍ።

ወንድሜ፣ እኅቴ። ልጄ ሲቀበር የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አጠገቡ አልነበረም። ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ቤ/ክ ስትሳለሙ፣ በፈቀዳችሁ ደብር፣ ጌታ ሆይ የኃይለ ጊዮርጊስን ነፍስ አስባት በሉልኝ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ስሙን ብቻ አትሳቱብኝ።