የተጣለ ካርታ አይነሳም

ሰበታ፣ እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄለን ዛሬ ከቡራዩ ስትመጣ ማንጋ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ፣ ይዛ መጣች። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በካርታ ጨዋታ ላይ የተሠራ ታሪክ ነው። ልነቅፈው ጀምሬ ሳላስበው ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ጀግናው የጣለውን ካርታ መልሶ አንስቶ አሸነፈ፤ ያየው ሁሉ አጨበጨበ።

«ይሄማ ሌባ ነው» አልኳት።

«ጓደኛውን ለማዳን እኮ ነው፣ አባዬ።»

በልጅነቷ ካርታ ሳስተምራት የመጀመሪያው ሕግ፣ የተጣለ አይነሳም የሚል ነበር። አሁን ለአጭበርባሪ ጥብቅና ትቆማለች።

«በሁለተኛው ቅጽ ይቀጡታል?» ስል ጠየቅኳት።

«ሥዕል ለሕፃን ነው ስትል አልነበር?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ነገ ቡራዩ ድረስ ሄጄ ሁለተኛውን ቅጽ እቀበላታለሁ። ሳይቀጡት ቀርተው ከሆነ ከእሷ ጋር ሁለተኛ ካርታ አልጫወትም።