ሁለቱ የመድኃኒት ከረጢቶች

ረቡዕ፣ ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣ፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ሳልጠይቅሽ አንድ ነገር ላስቀድም፤ እናትሽ ደህና ናት። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ነው። እሷ ውስጥ ከነርሷ ጋር ወሬ ይዛለች። ነገ ወደ ቤት እንገባለን።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ነገር መርሳት ጀመረች። ምድጃውን ሳታጠፋ ስትወጣ፣ ይሄማ የኔ ሙያ ነበር ብዬ ቀለድኩባት። ቀጥሎ በገዛ ቤቷ መታጠቢያ ቤቱ ወዴት ነው አለችኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ ትክ ብላ አየችኝና፣ «እርስዎ የማን እንግዳ ነዎት?» አለችኝ። አርባ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። በቃ፣ እርጅና አእምሮዋን ወሰደው፣ በቁሟ ላጣት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።

ሆስፒታል ስናስገባት የተረከበችን ሐኪም አንቺን የምታክል ወጣት ናት። ደም አስወሰደችና፣ እቤት የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ አምጡ አለችኝ። ሁለት ከረጢት ይዤ መጣሁ። ለምን ሁለት ሆነ ስትለኝ፣ አንዱ የልብ ሐኪሙ ያዘዘው፣ አንዱ የኩላሊት ሐኪሟ ያዘዘችው ነው አልኳት።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ዕቃ አያደባልቅም። ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ለአንዱ የሌላውን ኪኒን ባሳየው፣ እኔን ሳታምኑ ሌላ ጋ ሄዳችሁ እንዴ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ከረጢት ብቻ ሳሳይ ከረምኩ። ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ሲሉኝም ኮራ ብዬ የለም እል ነበር።

ወጣቷ ሐኪም ሁለቱንም አልጋው ላይ ዘረገፈቻቸው። ከአንዱ ሰማያዊ ፓኮ፣ ከሌላው ነጭ ፓኮ አንስታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ስማቸው ለየቅል፣ ውስጣቸው አንድ ዓይነት፤ ሁለቱም ለእግሯ እብጠት የታዘዙ የሚያሸኑ ኪኒኖች ናቸው። እናትሽ እጥፉን ስትውጥ ነው የከረመችው፤ አቀባዩም እኔ ነኝ።

«አባባ፣ እማማ አእምሯቸውን አላጡም፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ጨው በጣም ወርዶ ነው። ይመለሳሉ» አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሁለቱን ስፔሻሊስቶች አስጠራቻቸው። አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው አንድ ፎቅ በላይ እየሠሩ፣ ስለ እናትሽ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ልቧ ውሃ እንዳይበዛበት እሱ ይሟገታል፤ ኩላሊቷ እንዳይደርቅ እሷ ትሟገታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እኔም ለሁለቱም ራሴን ስነቀንቅ ነበር። በመጨረሻ ኪኒኑ እንዲቆም፣ የደሟም ጨው ቀስ እያለ እንዲመለስ ተስማሙ፤ በጥድፊያ ከሆነ ጭንቅላት ይጎዳል አሉ። አሁን ያለን አንድ የመድኃኒት ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ፈርመውበታል። ጥፋቱ የኔ ነው ብላቸው፣ እኛም መጠያየቅ ነበረብን አሉኝ። ቢሆንም ጸጸቱ አልለቀቀኝም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ስትደውዪ ተኝታለች እያልኩ የሸኘሁሽ ዋሽቼሽ ነው። አጠገቤ ሆና ትሰማሽ ነበር። «ይቺ ልጅ ማን ናት? ደግ ትመስላለች» አለችኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?

ትናንት ጠዋት ግን ከእንቅልፏ ነቅታ አየችኝና፣ ሳልጠይቃት፣ «ሚጣ እንዲህ ጨክና ትቅር? ስንት ቀኗ ነው ሳትደውል?» አለች። በየቀኑ እንደደወልሽ አልነገርኳትም። ደውይና ቁጣዋን ጠጪ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፤ በሄድሽበት ጠያቂ አያሳጣሽ።

አባትሽ