የቲቸር ሙሜ ትልልቅ ፊደላት

ማክሰኞ

አልከፈት ብሏቸዋል። ቲቸር ሙሜ ጠዋት ከመልካ ጀብዱ ደውለው፣ ፊደል የሚያጎላላቸው ፕሮግራም ብልጭ ይልና ይጠፋል አሉ። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የፈተና ጥያቄ የሚያዘጋጁት በዚህ ፕሮግራም ነው። ክፍት ምንጭ ነው፤ ውጭ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይጽፉታል፣ እኔ ድሬ ላይ ለመጫን እንዲመች አሽጌ በፍላሽ አድላለሁ። ባለፈው እሑድ ሄጄ የኮምፒውተራቸውን ሲስተምም ፕሮግራሙንም በአዲስ የተካሁት እኔው ነኝ። ደህና ይሠራ የነበረውን! ባጃጅ እየጠበቀኝ ስለነበር ከፍቼ እንኳ ሳላየው ወጣሁ።

«አንድ ነገር ነክቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ መሰለኝ፤ ወላሂ እጄም እንደ ዓይኔ ሆኗል» አሉ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። «አየዋለሁ ቲቸር» ብዬ ዘጋሁ።

ጥያቄውን የሚያስረክቡት ሰኞ ነው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ የትምህርት ቤታቸው ዳይሬክተር ግን አሁኑኑ ይውጡ እያለ ይጎተጉታቸዋል።

ረቡዕ

አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፕሮግራሙ ብቻውን አይቆምም፤ ሲስተሙ ውስጥ ባለች ላይብረሪ በምትባል ፋይል ይደገፋል። አዲሱ ሲስተም አሮጌዋን አስወጥቶ በሌላ ተክቷታል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ግን አሮጌዋ ከድሮ ተርፋ ተቀምጣለች። ስሞክረው ስለሠራ ለሁሉም ይሠራል ብዬ አሸግሁት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች እኮ ከወር በፊት «ይህች ላይብረሪ ልትቀር ነው» ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ደውዬ ልንገራቸው? ሲስተካከል እነግራቸዋለሁ። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ

የሞከርኳቸው፦

አሮጌዋን ላይብረሪ አዲሱ ሲስተም ላይ መጫን። ከሌሎች ፋይሎች ጋር ተጣላች።

ፕሮግራሙን ከአዲሷ ጋር እንዲስማማ አድርጎ መገንባት። አሥራ አንድ ስህተት። አንዱን ሳስተካክል ሁለት ይወለዳል።

ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሙቀቱ ደግሞ! የሰፈሬ የከዚራ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ብሏል፤ እኔ ላብ በላብ ሆኜ መብራት እጠብቃለሁ።

ቲቸር ሁለቴ ደወሉ። አላነሳሁም። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ

ሠራ! አሮጌዋን ላይብረሪ ፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ አብሬ አሸግኋት፤ ሲስተሙን ሳትነካ ለእሱ ብቻ ታገለግላለች። ዛሬ የራሴን ኮምፒውተር አላመንኩም። የእህቴን ላፕቶፕ ለምኜ፣ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጬ፣ አዲሱን ሲስተም ከባዶ ጫንኩበት። «ፎቶዎቼ ቢጠፉ አንቺንም አጠፋሻለሁ አቦ!» እያለች ራሴ ላይ ቆመች። ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን እኩል ጮኽን።

ለቲቸር ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው።

ቅዳሜ

በጠዋት መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ጫንኩት፤ እዚያው ፊታቸው ከፈትኩት። ፊደሎቹ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፈው ወጡ። ቲቸር ተጠግተው አንድ መስመር አነበቡ፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፉ።

«ትናንት ደብዳቤ አስገባሁ፤ የጡረታ» አሉ። «የሰጡትን ኮምፒውተር እንኳ የሚያበላሽ ሽማግሌ የሰው ልጅ ምን ያስተምራል ብዬ።»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ምንም እንዳልነኩ፣ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ከረቡዕ ጀምሮ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ረቡዕ ብትነግሪኝ ኖሮ…» ብለው ተዉት።

ይቅርታ አልኳቸው። ልሄድ ስነሣ ግን ጠሩኝ፦ «ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ትመጫለሽ። አሁን የነገርሽኝን ለዳይሬክተሩ እኔ ባለሁበት ትደግሚለታለሽ።»

«እሺ ቲቸር» አልኩ።

ደብዳቤው ገና ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይሁን ወይ ወደ ከተማው ትምህርት ቢሮ ተልኮ ይሆን፣ እሳቸውም አያውቁም። አልሄደም በሉኝ ብቻ።