እቴ ጥሩዬ ያቆመችው ግርፋት

ፍኖተ ሰላም፣ ዓርብ ጥር 14 ቀን 57፣ ጠዋት

የመድረክ ጢሜ ዛሬም አልያዝ አለ። ሙጫው ደርቋል። ከገበያ ሰም ገዝቼ እያቀለጥሁ ነው። በዚህ ጢም ስንቱን ሆንሁ፦ ዘበኛ፣ ባላገር፣ አሁን ደግሞ ተገርፎ የሚሞት አሽከር። ጌታ ሆኜ አላውቅም።

ጉልበቴ ያመኛል። መውደቁስ ቀላል ነው። መነሣቱ ነው።

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ ቡሬ ስንደርስ ለቡድናችን አለቃ ቴአትሩ በቃኝ ልለው ነው። ታላቅ እኅቴ እቴ ጥሩዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ባገኘችው መንገደኛ ሁሉ ወደ አገርህ ግባ እያለች ትልክብኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቴአትር ስገባ ወንድሜ አዝማሪ ሆነ ብላ አለቀሰች አሉ። ስጫወት አይታኝ አታውቅም። ነገ ከጅጋ ትመጣለች።

ቅዳሜ 15፣ ከቀትር በኋላ

መጣች። በእግሯ። ሽበቴን ዳበሰችው። ት/ቤቱ ሜዳ ላይ ነው የምንጫወተው፤ ከፊት አስቀመጥኋት። ጢሙን ሦስቴ ለጠፍሁት፤ እንደ ጀማሪ። በዚህ ዕድሜ።

እሑድ 16

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ትናንት ጌታነህ፣ ፊታውራሪውን የሚጫወተው፣ አለንጋውን ሲያነሣ እቴ ብድግ አለች። መድረክ ወጣች። ነጠላዋን አለበሰችኝና በመካከላችን ቆመች።

«ጌታዬ፣ በሚካኤል ይሁንብዎ። እናት የለውም፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

ሕዝቡ አልሳቀም። ጌታነህ አለንጋውን ጣለ።

«ስለ እርስዎ ትቼዋለሁ፣ እናቴ።»

ጽሑፉ ላይ የለም። ጭብጨባው ግን! ሳልሞት ቀረሁ።

ጨዋታ ነው ብዬ አስረዳኋት። በጨዋታም ቢሆን አለች። ጌታነህን ሰላም አልለውም ብላ አደረች። ዛሬ ጠዋት ድንጋይ ተሸክሞ ካደረችበት ቤት ደጃፍ ቆመ። የምሩን። ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችና ሳመችው። እኔ ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ። ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ቡሬ፣ ማክሰኞ 18፣ ማታ

መጨረሻውን ሳላይ አልመለስም ብላ በጭነት መኪናችን አብራን መጣች። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ሞትሁ። ሕዝቡ አለቀሰ። መጋረጃው ሲዘጋ እኔን ደግፎ ያነሣኝ ጌታነህ ነው።

ወደ አገሬ ልገባ ነው አልኋት። ደስ ይላታል ብዬ።

«ና ያልሁህኮ ሰው የለውም ብዬ ነው» አለች። «ጌታው ሲጮህ ሰዉ ዝም ብሎ ያያል። አንተ ሞተህ ዝም ስትል ነው ያለቀሰ። ይኼን ትተህ ከኔ ጋር ምን ልትሠራ ነው?»



ረቡዕ 19፣ ንጋት

ለአለቃችን በቃኝ አላልሁትም። ክረምት ክረምቱን ግን እኅቴ ዘንድ ነኝ አልሁት። ይሁን አለ። ለእቴም ነገርኋት፤ እንግዲያው የጓሮውን ጎጆ አስከድናለሁ አለች።

ወደ ባሕር ዳር ልንነሣ ነው። ሞተሩ ተነሥቷል። ከመኪናው ሥር ቆማ ለጌታነህ አደራ ስትለው እሰማለሁ፦ ሲገርፈኝ ቀስ እያለ፣ ጉልበቴን እንዳይነካኝ።