ሸዋ በር ላይ የተሰቀለው ዓይኔ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ሀብተወልድ፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ዳር ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ፣ በቀኝ ዓይኔ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ግራው ከእኔ ይልቅ እርስዎ በየአደባባዩ ብዙ ስለተናገሩ፣ እኔም ያለችኝን ጥቂት ቅሬታ በትሕትና በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ አምና ጅንስ ስሰፋ የስፌት መኪናዬ መርፌ ተሰብሮ ግራ ዓይኔ ገባ። ሐኪሞቻችሁ ዓይኑ እንደማይተርፍ ሲያውቁ አወጡት፤ ቦታው ጎድጉዶ እንዳይቀር አንዲት ትንሽ ኳስ ከሥጋው ሥር ቀበሩልኝ፤ ከፊቷም ዓይን የሚመስል ሰው ሠራሽ ሽፋን አደረጉልኝ። እጃቸው ይባረክ፤ ይህችኛዋ ምስጋና አሽሙር የለባትም። ሽፋኑ ገና ሳይላመደኝ ግን እርስዎ ፎቶዬን አስነሥተው፣ «የተሳካ ቀዶ ሕክምና» የሚል አስጽፈውበት፣ ሸዋ በር ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት የግቢ በር በሚያህል ባነር ሰቀሉኝ። የሠርጌን ፎቶ እንኳ እንዲህ አላሳደግኩትም።

አንደኛ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ኳሷን የሸፈነው ሥጋ እየሳሳ ሄዶ ተከፈተና ኳሷ ብቅ አለች። ቦታው ያብጣል፣ ይመግላል፤ ሰው ሠራሹም ሽፋን አልቀመጥ ብሎ ሰው ፊት ይወድቃል። ወይዘሮ ሩቂያ ለልጃቸው ኒካህ የሚሰፋ ሐር ይዘውልኝ መጥተው ጨርቁን ስለካ፣ ዓይኔ ሐሩ ላይ ዱብ አለ። «ወላሂ ሀብተወልድ፣ ሸዋ በር ላይ እንዲያ አምረህ፣ እዚህ ምን ሆነህ ነው አቦ?» አሉና ሐራቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ድሬዳዋ ሄጄ ያሳየሁት ሐኪም፣ ኳሷ ቶሎ ካልተሸፈነች ወይም ወጥታ በሌላ ካልተተካች ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ሊዘልቅ እንደሚችል፣ ሥራውንም የቀበራት ሰው ቢሠራው እንደሚሻል ነግሮኛል። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ ልናገር ሆስፒታልዎ ስመጣ ዘበኛው በባነሩ ስለሚያውቀኝ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ወይዘሪት ሱመያ ግን፣ ምስኪን የታዘዘችውን ነው፣ ካርዴ ከዳኑት ሰዎች ጋር ስለተቀመጠ ለእንግዶች ጉብኝት ካልሆነ በቀር እንደማይወጣ አስረዳችኝ። ዓይኔን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገልጬ ባሳያት፣ እያዘነች ወደ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ወደ አቶ ወንድወሰን መራችኝ። እሳቸውም ብዙ ከተጨነቁ በኋላ፣ ይህ የሕክምና ጉድለት ሳይሆን ፎቶውን ካየው ሕዝብ ብዛት የተነሣ የሰው ዓይን በልቶኝ እንደሆነ ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ የሌለን ዓይን ዓይን ሲበላው ከእኔ በፊት የተሰማ አይመስለኝም፤ ለዚህ ክብር ስላበቃችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ኃላፊው አክለውም፣ ዓይኔን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ በራሴ ፎቶ ሥር ሳልፍ ሕዝቡ ግራ ስለሚጋባ፣ ከእንግዲህ ሸዋ በርን ትቼ በሌላው የጀጎል በር፣ በቡዳ በር በኩል እንድዞር በትሕትና ጠይቀውኛል። ስለ ሰው ዓይን ባወሩበት አፍ ይህንን በር መምረጣቸውን ልብ ይበሉልኝ።

ሦስተኛውን እርስዎም ስለነበሩበት ላሳጥረው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ ካርዴ ወጣ። ከረባት አሥራችሁልኝ፣ አልቀመጥ ያለውንም ሽፋን እንደምንም አስቀምጣችሁ፣ አዳራሹ ፊት ወደ ቀኝ እንድመለከት አዘዛችሁኝ። ቀኝ ዓይኔ እንደታዘዘው ሲሄድ፣ ግራው ባለበት ቀርቶ እርስዎን ትክ ብሎ ማየት ጀመረ። እንግዶቹ ሲገረሙ አቶ ወንድወሰን ይህ ለአለቃ የሚሰጥ አክብሮት እንደሆነ አስረዱና ተጨበጨበ። መግሉ በጉንጬ ሲወርድም የደስታ እንባ ነው ተባለ። እርስዎም አጨበጨቡ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ቀን በጣም ፈራሁ፤ ይህ ሁሉ ሰው እያጨበጨበልኝ ልሞት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ፣ ቤቴም ገብቼ አለቀስኩ።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ከረባቱ ቀለም ስለሆነ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው፣ ወይ እኔን እንዲያሳክሙኝ፣ ወይም ባነሩን አውርደው እንደማንኛውም ሕመምተኛ ወረፋ እንድይዝ እንዲፈቅዱልኝ ነው። ከፎቶዬ ጋር በተሟገትኩ ቁጥር የሚረታው እሱ ነውና፣ ሁለታችን በአንድ ከተማ መኖር አልቻልንም።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ሆስፒታልዎም እንደ ባነሩ እንዲያምር እየተመኘሁ፣ በቀኝ ዓይኔ ሲመቸኝ፣ በግራው ግን ሳላቋርጥ በአክብሮት የማይዎ፣

የዳነው ሕመምተኛዎ
ሀብተወልድ፣ ሐረር

ሳልዘነጋው፦ ትናንት ከሶፊ ወረዳ ጫት ጭኖ የመጣ ፒካፕ ሸዋ በር ላይ ሲዞር፣ ከጭነቱ የወጣ እንጨት ባነሩን ገጭቶ የፎቶዬን ግራ ዓይን ቦጭቆ ጣለው። ዛሬ ማለዳ፣ ክልከላውን ተላልፌ በዚያው ባልፍ፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ካርድ ሳያስወጡት፣ በቡዳ በርም ዙር ሳይሉት፣ ለፎቶዬ አዲስ ዓይን ሲተኩለት ደረስኩ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ አላበጠም። እባክዎን ያንን መሰላል ላይ የነበረውን ባለሙያ ወደ እኔም ይላኩልኝ፤ እኔ አጭር ነኝ፣ መሰላል አያስፈልገውም።