ለአባባ የለመንኩት ስምንት ቁጥር

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ዳቫዎ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለሌዎኒላ።

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ሲነዘንዝሽ የከረመው ተሻለሽ? ባልሽ አርኑልፎስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ ከጉንፋኑ ዳኑ? ዝናቡ በእናንተም በኩል እንዲህ አላባራ አለ ወይስ እኛን ብቻ ነው የያዘን? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እማማም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ስለ አባባም «ደህና ናቸው» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለቱንም ጊዜ አስቀመጥኩት።

በደብዳቤሽ «አባባ ስደውል ለምን አያናግሩኝም፣ ምን አስቀየምኳቸው?» ብለሽኛል። አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ እህቴ። ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ እንዳለ እነግርሻለሁ።

ፑል ቤት ረግጠሽ ስለማታውቂ ትንሽ ላስረዳሽ። ኳሶቹ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አላቸው፣ የሚገቡትም በቁጥራቸው ተራ ነው። በገንዘብ ሲጫወቱ ብርቱው ለደካማው ማካካሻ ይሰጣል። ብርቱው የሚያሸንፈው ዘጠኝ ቁጥርን ሲያስገባ ብቻ ነው፤ ደካማው ግን ስምንትን ቢያስገባም ይቆጠርለታል። ጭራሽ ደካማ ከሆነ ሰባትም ይጨመርለታል። ይህን የሚከራከሩት ተጫዋቾቹ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ተናጋሪ አለው። የአባባ ተናጋሪ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እኔ ነኝ። የተናጋሪ ሥራ የራስን ሰው ማጣጣል፣ የሌላውን ሰው ሰማይ ላይ መስቀል ነው። እኔ «አባባ ሌሊቱን ሲያስላቸው ነው ያደሩት» ስል፣ ወዲያኛው «ተው እንጂ! እኚህ ሰውዬ ዓይናቸውን በጨርቅ ቢታሰሩ እንኳ ዘጠኝን አይስቱም!» ይላል። ሰዉ በሳቅ ያውካካል፤ ግማሹ የሚመጣው ለጨዋታው ሳይሆን ለክርክሩ ነው። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ኳስ መምቻ ስቴካቸውን እየወለወሉ ምንም ያልሰሙ ይመስላሉ። ግን ይሰሙ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙገሳቸውን የሰሙት ከባላጋራ አፍ ነው፤ እኛ ቤት ማን አሞግሷቸው ያውቃል? ማካካሻም ሰጥተው እንጂ ተቀብለው አያውቁም።

ዘንድሮ ዓይናቸው ከዳቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ሥር ነው የሞተው፣ ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም ብሏል። ይህን የምናውቀው እማማና እኔ ብቻ ነበርን፤ ለአንቺም እንዳንጽፍ አስምለውናል። በዚህ መሀል ጁንሬል የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ከባኮሎድ ከተማ መጣና እንጫወት አላቸው። እሺ አሉ። ከቤት ስንወጣ «ዛሬ አንዲት ኳስ እንዳትለምንብኝ» አሉኝ፤ ቃል ገባሁላቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው ፑል ቤት። የልጁ ተናጋሪ ኢስኮ ነበር፣ ያ ምላሰኛው የሞተር ታክሲ ነጂ። እንደ ልማዱ ጀመረው፤ «የኔ ልጅ ትናንት ጥርሱን ተነቅሎ ቀኝና ግራውን አይለይም! እኚህ አንበሳ ስምንትን ካልሰጡት እዚሁ ይበሉታል!» ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አባባን አየሁ። የስቴካውን ጫፍ የሚቀቡበትን ጠመኔ ሲፈልጉ አጠገቡ ያለውን ባዶ እንጨት ሁለት ጊዜ ዳበሱ። ስምንትን ባስገኝላቸው ምናልባት ያሸንፋሉ፣ ካሸነፉም ማንም ሳያውቅ ክብራቸው ይቆያል ብዬ አሰብኩ። ሞኝነቴን እይልኝ።

«ስምንትን የምትሰጡን እናንተ ናችሁ» አልኩት። «የግራ ዓይናቸው አያይም። ራቅ ያለው ኳስ ሁለት ይሆንባቸዋል። ዛሬ ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ።»

ኢስኮ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ቁልፉ ላይ ስደርስ አቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ለክርክር ተብሎ አይፈጠርማ። የአባባን ሸሚዝ አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ከዚህ ወዲያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሊከራከረኝ፣ ሊሰድበኝ፣ አባባን ሊያሞግስ ይገባው ነበር። «እሺ፣ ስምንትን ውሰዱ» አለኝ ቀስ ብሎ። ደግሞም፣ «ሰባትንም ጨምሩላቸው» አለ። ጁንሬልም የአባባን ክንድ ደገፍ አድርጎ «አባቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ» አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ።

ድሉ ቀድሞ ዐሥራ አንድ ዙር ላሸነፈ ነበር። በመጀመሪያው ዙር አባባ ሰባትን አስገቡ፤ ሰዉ አጨበጨበ፣ ዙሩ የሳቸው ነው። እሳቸው ግን እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ስምንት፣ ከዚያ ወደ ዘጠኝ ሄዱና ዘጠኝን ሳቱ። «ቁጠሩለት፣ የልጁ ነው» አሉ። ሦስት ዙር እንዲህ በእልህ አሳለፉ። በአራተኛው ሰባትን አስገቡና ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ስቴካቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ማካካሻውን ተቀበሉ ማለት ነው። እኔ ለሽንፈት የቆጠርኩት ያንን ነው፤ በመጨረሻ ልጁ ዐሥራ አንድ ለአራት ማሸነፉን ለሰዉ ተውኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አልተቆጡኝም። ቢጮሁብኝ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በገንዘብ የሚጫወታቸው ጠፋ። «ኑ አባባ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል» ይሏቸዋል፤ ሆን ብለውም ይሸነፉላቸዋል። አባባ የሚበሉት ሩዝ የወፍ ያህል ነው። እማማ ቁጣዋን የምትነግረኝ ሳህኔን ስታስቀምጥ በምታሰማው ድምፅ ነው።

ትናንት ጠዋት ፑል ቤቱ ገና ባዶ ሳለ ይዣቸው ሄድኩ። የኔ ስቴካ አያያዝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ዙር በወጉ አሸንፌያቸው አላውቅም። «አባባ፣ እኔና እርስዎ፣ እኩል ለእኩል» አልኳቸው። «ስንት ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም፤ ስቴካቸውን ተደግፈው መልሴን ጠበቁ።

«ስምንትን» አልኳቸው።

«ሰባትንም ጨምር እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጨመርኩላቸው።

መላ ካለሽ ጻፊልኝ ልልሽ ነበር፤ ያለ ግን አይመስለኝም። ለአርኑልፎ፣ ባለፈው ለላከልኝ ጫማ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ማሪሴልን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ትንሹን ቶቶን ደግሞ እንቢ ቢልም ግንባሩን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለእማማ ፊዴላ እጅ ነስቻለሁ። እማማ በጣም ናፍቃሻለች፤ የደረቀውን ዓሣ በመርከብ ትልክልሻለች። ከአባባ የሚል ሰላምታ ራሴ ልጨምርልሽ እችል ነበር፤ አንቺን ግን አልዋሽሽም።

ወንድምሽ ራሚል
ኢሎይሎ፣ ሞሎ ሰፈር
ኦክቶበር 9 ቀን 1994